እሺ ወይም እምቢ ለማለት ኮሎምበስ ድረስ

ከተመለስኩ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ "አሜሪካ እንዴት ነው?" ይለኛል። ፎቁ ምን ያህል ነው፣ እውነት ውሻ አልጋ ላይ ይተኛል ወይ ይለኛል። ግማሹን ሳልመልስለት ስለ ራሱ ጉልበት ሕመም ማውራት ይጀምራል። ስለዚህ አንዴ ጽፌው ልገላገል። ማንበብና መጻፍ የተማርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ በማታ ትምህርት ነው፤ አረፍተ ነገሬ ቢያነክስ አትሳቁ። የሚስቅ ካለ ራሱ ሄዶ ይጻፍ። እንደማይሄድ አውቃለሁ።

ለማታውቁኝ፣ ሥራዬ የመቃብር ሐውልት ነው። ሰው ሲሞት ቀብሩ ላይ ሁሉም ያለቅሳል፤ ሰልስቱ ላይ ግማሹ ይቀራል፤ ተዝካሩ ላይ የሚበላ ስላለ እንደገና ይሞላል። ዓመት ካለፈ በኋላ ግን ከእኔ ድንጋይ በቀር አጠገቡ የሚቆም የለም። ይህን እያየሁ ነው ያረጀሁት። ጠባዬ ከሬት ቢመር አትፍረዱብኝ።

ጉዞው የመጣው በሁለት ስልክ ነው። መጀመሪያ ምራቴ ሂሩት ከኮሎምበስ ደወለች። ሂሩት ፕሮቴስታንት ናት፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ በዚህ የምንጣላውን ተጣልተን ጨርሰናል።

"ጋሼ፣ ልጅዎ ሊመነኩስብኝ ነው" አለችኝ እያለቀሰች።

"የት ገዳም?"

"ምን ገዳም አለ ጋሼ! ቡድሃ ጋ ነው! ራሱን ተላጭቶ ብርቱካንማ ጨርቅ ሊለብስ ነው። ይምጡና እምቢ ይበሉልኝ። እሺ ያሉት እንደሆነ ናኦሚን ይዤ እዚሁ ደብሊን ያለችው እህቴ ጋ እገባለሁ፤ አልመለስም።"

በማግስቱ ልጄ ዮናስ ደወለ።

"አባባ፣ ፈቃድዎን ፈልጌ ነው። በእነሱ ሥርዓት አባት ካልፈቀደ አይሆንም። ለጥቂት ጊዜ ነው። መጥተው እሺ ይበሉልኝ።"

ልብ በሉ። ይህ ልጅ ከአገር ሲወጣ አልጠየቀኝም። ሲያገባ አልጠየቀኝም፤ ሠርጉን በፎቶ ነው ያየሁት። ልጁን ናኦሚ ብሎ ሲሰይማት አልጠየቀኝም። አርባ ዓመት ሊሞላው ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድ የጠየቀኝ ለቡድሃ ለመመንኮስ ነው። "ለጥቂት ጊዜ ነው" ያለውንም ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። በእኛ አገር መነኮሰ ማለት በቁሙ ሞተ ማለት ነው፤ ፍትሐት ይደረግለታል፣ ከዚያ ወዲያ ሚስትም ልጅም የለውም። ለጥቂት ጊዜ የሞተ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ሥራዬም አይፈቅድም።

ትኬቱን ባልና ሚስቱ አዋጥተው ገዙልኝ፤ እሱ እሺ እንድል፣ እሷ እምቢ እንድል። ቪዛው ቀድሞ የነበረ ነው። ሚስቴ አስካለ በሕይወት ሳለች ለሁለታችን ወጥቶ ነበር። እሷ አምና ሞተች። ዮናስ ወረቀቱ ገና ስላላለቀለት፣ ከወጣ መመለስ ስለማይችል ለቀብሯ አልመጣም። ምክንያቱን አውቃለሁ። ምክንያት ግን አፈር አያለብስም።

ቅዳሜ። "አሜሪካ ብርድ ነው" ብሎ ያልመከረኝ ሰው የለም። ሐምሌ ነው፣ እዚህ ዝናቡ ይወርዳል፤ እኔም አምኜ የወንድሜን የሱፍ ካፖርት ለበስኩ። በአየር ማረፊያው ፍተሻ ላይ አንድ ወጣት ሻንጣዬን ከፈተና ከሽሮው ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣ።

"አባት፣ ይህ ምንድነው?"

"ድንጋይ።"

"ለማን?"

"ለልጄ።"

"አሜሪካ ድንጋይ የለም እንዴ?"

"የእናቱ የለም።"

ለአስካለ ሐውልት ከቆረጥኩት እብነ በረድ የተረፈ ቁራጭ ነበር። ልጁ አንዴ አየኝና መልሶ ጠቀለለው።

አውሮፕላኑ እንደ ለቅሶ ቤት ነው። ትንሽ ሸለብ ሲያደርግህ አንዷ ትመጣና "ብላ" ትልሃለች። አልራበኝም ብትል አትሰማም። ልዩነቱ ዳቦው ቀዝቃዛ መሆኑና የሞተ ሰው አለመኖሩ ብቻ ነው።

እሑድ። ዋሽንግተን ላይ ጣታችሁን በመስታወት ላይ አድርጉ አሉን። አደረግሁ። ማሽኑ እምቢ አለ። ሰውየው ጣቴን በእርጥብ ወረቀት ጠረገ፣ አሁንም እምቢ አለ። አስተርጓሚ ጠሩና "አሻራዎ የት ሄደ?" ተባልኩ። ድንጋይ በላው አልኩ። ዕድሜ ልኬን እብነ በረድ ሳሽ ጣቴ እንደ ሸክላ ለስልሷል። ሰውየው የራሱን ጣት አየ፣ የእኔን አየ፣ ፈገግ አለና ሌላ ጣት ሞክር አለኝ። ትንሿ ጣቴ ላይ ጥቂት ተርፎ ኖሮ በእሷ አሜሪካ ገባሁ።

ኮሎምበስ ስደርስ ሙቀቱ በካፖርቴ ውስጥ አበሰለኝ። ዮናስ ሊቀበለኝ መጥቶ ነበር። ተቃቅፈን ሁለታችንም ስለ ካፖርቱ ብቻ አወራን። አገሩ ሜዳ ነው፤ ጉብታ የሚባል የለም፤ በውሃ ልክ ያስተካከሉት ይመስላል። ቤታቸው ኦቤትስ በሚባል ሰፈር በኩል ነው። በር ላይ የልጅ ልጄ ናኦሚ "ሃይ ግራንፓ!" አለችኝ። በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ እኔ እንግሊዝኛ አልሰማም፤ በዚህ መንገድ በጣም ተግባባን። ድንጋዩን ለዮናስ ሰጠሁት። በሁለት እጁ ይዞ ቆመ፤ የት እንደሚያስቀምጠው ግራ ገባው። ናኦሚ ተቀበለችውና የመኝታ ክፍሏን በር እንዳይዘጋ ደገፈችበት። እኔም ይሁን አልኩ። ከሐውልቶቼ ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ አንዱ ሥራ አገኘ።

ራት ላይ ባልና ሚስቱ አይነጋገሩም። "ናኦሚ፣ ለአባትሽ ጨው አቀብይው" ትላለች ሂሩት። "ናኦሚ፣ እናትሽን ቴንክ ዩ በያት" ይላል እሱ። ልጅቱ እንደ ስልክ ቤት ሠራተኛ ወዲያና ወዲህ ታገናኛለች።

ሰኞ። ስለዚህ ቀን ባልጽፍ ይሻለኝ ነበር። ሁለቱ ሥራ ሄደው፣ ሌሊቱ ከቀኑ ተምታቶብኝ፣ ረፋዱ ላይ ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ተኛሁ። ሂሩት ለካ የቤቱን ቁልፍ ለሁለት የቤተ ክርስቲያኗ ሴቶች ሰጥታ "ዮናስ ዛሬ ቤት ከሆነ ጸልዩለት" ብላቸዋለች። ስነቃ በብርድ ልብሱ ላይ አራት እጅ ጭንቅላቴን ጭኖታል።

"አንተ የቡድሃ መንፈስ! ልቀቀው! ከዚህ ወጣት ላይ ውጣ!"

"ኧረ ልቀቁኝ!" ብዬ ጮህኩ።

"ተናገረ! እየተናገረ ነው!" አለች አንዷ፣ የባሰ ጫነችኝ።

ብርድ ልብሱን ገፍፌ ሽበቴንና የጎደሉ ጥርሶቼን ሳሳያቸው ሁለቱም ወደ ኋላ ሄዱ። "ወይኔ፣ አባት ናቸው!" አለች ወፍራሟ። ይቅርታ ጠየቁኝ፤ ከዚያ ከመጡ አይቀር ብለው ስለ ጉልበቴ ጸለዩልኝ። እውነቱን ለመናገር ጉልበቴ ሦስት ቀን ተሻለው። ለማንም አልነገርኩም።

ማክሰኞ። ዮናስ ሥራ ቦታዬን ላሳይዎ ብሎ ወደ ግሮቭፖርት ወሰደኝ። ግሮቭፖርት ማለት መስኮት የሌለው ቤት ከዳር እስከ ዳር የተደረደረበት አገር ነው፤ ዌርሃውስ ይሉታል፣ የዕቃ መጋዘን ነው። እኔ በሕይወቴ ይህን የሚያህል መቃብር ቤት አልሠራሁም። በአጥሩ በኩል መኪና ውስጥ ሆነን አየነው። ያኔ ነው የተነፈሰው።

"አባባ፣ የእማዬን መርዶ የሰማሁት እዚያ ውስጥ ነው" አለኝ።

"ማን ነገረህ?"

"ማንም። ብሬክ ላይ ቺፕስ እየበላሁ ፌስቡክ ከፈትኩ። የአክስቴ ልጅ ሻማ ለጥፎ 'ነፍስ ይማር እትዬ አስካለ' ብሏል።"

መርዶ በእኛ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሽማግሌ ይላካል፣ ሰው ሳያዩት ይሰበሰባል፣ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው ከጎኑ ይቆማል። ልጄን የያዘው የቺፕሱ ከረጢት ነው።

"ከዚያስ?"

"ብሬኬ አልቆ ስለነበር ተመለስኩ።"

ሺፍቱን ጨርሶ፣ ቤቱ ገብቶ፣ ለሂሩት በሁለት ቃል ነግሯት፣ ነገ ሥራ አለኝ ብሎ ተኛ። የሂሩት ቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጥተው ዘመሩለት፤ እሱም አብሯቸው ዘመረ። ከዚያ ወዲህ አላለቀሰም። ሁኔታውን ያወቀበት አብሮት የሚጭን ካም የሚባል የላኦስ አገር ሰው ነው፤ "አንዱን ሳጥን አንስተህ እዚያው ታስቀምጣለህ፣ ምን ሆነሃል?" አለው። እናቴ ሞታለች ሲለው ካም "በእኛ አገር እናት ስትሞት ልጅ ራሱን ይላጫል፣ ይመነኩሳል፤ የሠራው በጎ ነገር ለእሷ ይደርሳታል" አለው።

"እኔ ምንም አላደረግኩላትም አባባ" አለ ዮናስ። "እርስዎ ሐውልት አቆሙላት። እኔስ?"

ቆጣ አልኩና "መኪናውን አስነሳ" አልኩት።

ረቡዕ። ወደ ቤተ መቅደሳቸው ሄድን። እኔ ትልቅ ነገር ጠብቄ ነበር፤ እንደ ማንም ሰው ቤት ያለ ቤት ነው፤ በረንዳና የሣር ማጨጃ አለው። ልዩ የሚያደርገው መግቢያ ደረጃው ግራና ቀኝ በሲሚንቶ የተሠራ፣ ራሱ እንደ ዘንዶ የቆመ ረጅም እባብ መኖሩ ነው። ጫማ አውልቁ ሲሉ ደስ አለኝ፤ እንደ እኛው ናቸው አልኩ። ካልሲዬ ግን ቀዳዳ ነበረው፤ አውራ ጣቴ ቀድሞኝ ገባ።

አለቃቸው ዕድሜያቸው ከእኔ የማይተናነስ መነኩሴ ናቸው። እንግሊዝኛቸው ከእኔ ብዙም አይሻልም። እሳቸው ለካም በላኦስ ቋንቋ ይነግራሉ፣ ካም ለዮናስ በእንግሊዝኛ፣ ዮናስ ለእኔ በአማርኛ። ወሬው ሦስት ቦታ አድሮ ነው የሚደርሰኝ። ምሳ ቀርቦ ነበር፤ ገና ረፋድ ነው።

"ይብሉ" ተባልኩ።

"ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልበላም።"

ሽማግሌው ደነገጡ። "እኛ ደግሞ ከስድስት ሰዓት በኋላ አንበላም።"

"እስከ መቼ?"

"እስከ ነገ ጠዋት።"

"አይ ምስኪን!" አልኩ። እሳቸውም ለካም አንድ ነገር አሉት፤ ካም ሳቀ።

"ምን አሉ?" አልኩት ልጄን።

"እሳቸውም 'አይ ምስኪን' ነው ያሉት።"

እሳቸው ሲበሉ እኔ ተቀምጬ አየሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የካም ሚስት ለእኔ ሩዝና ጥሬ ፓፓያ አቀረበች፤ እሳቸው ተቀምጠው አዩኝ። ቃሪያ አለው ተጠንቀቅ ብትለኝ "እኛ የበርበሬ አገር ሰዎች ነን" ብዬ አንድ አፍ ሙሉ ጎረስኩ። ስለሆነው ነገር አልጽፍም። መነኩሴው በገዛ እጃቸው ውሃ አመጡልኝ፤ ዓይኔ እስኪጠራ ድረስም ወደ ግድግዳው ዞረው ቆዩ። ጨዋ ሰው ናቸው።

በዚያ መሃል ዋናውን ነገር ጠየቅኩ።

"ልጄ ከመነኮሰ በኋላ ልጁን ማን ያሳድጋል?"

"እሱ ነዋ" አሉ።

"ለዓለም ሞቶ?"

"ማን ሞተ? ቅዳሜ ይገባል፣ የሚቀጥለው እሑድ ይወጣል።"

"ሰኞ ሺፍት አለበት" አለ ካም ከራሱ ጨምሮ።

ወደ ዮናስ ዞርኩ። "ይህን ለሚስትህ ለምን አልነገርካትም?"

"ነገርኳት። 'የሳምንት መነኩሴ የለም፤ መጀመሪያ እንደዚያ ነው የሚሉህ' አለችኝ።"

"እውነቷን ነው። ይኼ ምንኩስና ነው ወይስ የዓመት ፈቃድ?"

"ቫኬሽኔን ነው የምጠቀመው" አለኝ በቁም ነገር።

ተናደድኩ። "ፀጉሩ በወሩ ይበቅላል፣ ልብሱን ያወልቃል፤ ታዲያ ለእናቱ ምን ተረፋት?" አልኩ። መነኩሴው ረጋ ብለው መለሱ። ሁሉም ያልፋል አሉ፤ ፀጉሩም፣ ሳምንቱም፣ ሐዘኑም፣ እኔም፣ እሳቸውም። ሰው የሚታመመው የሚያልፈውን ነገር አያልፍም ብሎ የሙጥኝ ሲል ነው። አብሮት የሚሄደው የሠራው በጎ ነገር ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ለሌላ ሰው ማካፈል ይቻላል። ሰው የተፈጠረበት ሥራ ይኼ ነው አሉኝ።

"እኔ የማያልፍ እብነ በረድ አቁሜላታለሁ" አልኳቸው።

"ስንት ዓመት ይቆያል?"

ይህን ጥያቄ ባይጠይቁኝ ይሻል ነበር። ባለፈው ዓመት አንድ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ግቢ ለግንባታ ተብሎ ሲጸዳ የወጣትነቴ ሥራዎች በገልባጭ መኪና ተጭነው ሲሄዱ ቆሜ አይቻለሁ። ስለዚህ መልስ ፍለጋ ዓይኔ ወዲያ ወዲህ ሲል ከደጃቸው እባቦች አንዱ ላይ አረፈ። አንገቱ ዙሪያውን ተሰንጥቋል።

"ይኼስ?" አልኩ።

"እሱም ያልፋል" አሉና ፈገግ አሉ።

"አያልፍም! አሸዋ አብዝተውበት ነው! የሲሚንቶ ጥፋት በሃይማኖት አይሳበብም!"

ዮናስ ይህን አልተረጉምም አለ። ተርጉም አልኩት። ሦስቱን ቋንቋ አቋርጦ ሲደርሳቸው መነኩሴው ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ።

ሐሙስ። ካም ሲሚንቶና አሸዋ ገዝቶ በፒክአፑ ወሰደኝ። አስተርጓሚ አልነበረንም፤ ካም ያወቃትን "እሺ" እና እኔ ያወቅኋትን "ኦኬ" ይዘን ዋልን። የተሰነጠቀውን ጠርቤ አወጣሁ፣ ሽቦ አሰርኩበት፣ እንደገና ሞላሁት። መነኩሴው ውሃ ያቀብሉኛል። አሸዋ ልጨምር ሲል ካምን በዓይኔ ነው የመለስኩት። ስጨርስ እርጥብ ጆንያ አንገቱ ላይ ጠመጠምኩለት፤ እባቡ ጉንፋን የያዘው መሰለ።

ማታ ሂሩት እጄን አየች።

"ጋሼ፣ ይህ ሲሚንቶ ምንድነው?"

"ትንሽ ጥገና ነው።"

"የምን ጥገና?"

"የአንድ እባብ።"

ማንኪያዋን አስቀመጠች። "ጣዖት ያፍርሱ ብዬ ከአዲስ አበባ ባስመጣዎት እባቡን አደሱላቸው?"

"አንገቱን ብቻ ነው።"

ዓርብ። ሂሩት በደብሊን የምትንከባከባት አሮጊት አለች። እዚያ ስትሄድ እኔንም ይዛኝ ወጣች፤ መንገድ ላይ እንድታወራኝ መሆኑ ገብቶኛል። ከእኛ ጎን መኪናዎች አንዱም ጥሩንባ ሳይነፋ ይሄዳሉ፤ ዝምታው ሰው ያስፈራል።

"ጋሼ፣ ለሐውልት ይስገድ አይስገድ የሚለውን ለጊዜው ይተዉት" አለች። "እሱም አለ፤ እሱ ላይ አልለወጥም። የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። እናቱ ስትሞት እኔ ልብሴን በጥቁር ለውጬ፣ ሙሉ ሌሊት ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኛ። አሁን ለእኔ ያላለቀሰውን እንባ ለማያውቃቸው ሰዎች ሊያለቅስ ነው። እኔ ምኑ ነኝ ታዲያ? የቤት ኪራይ አጋሩ?"

ዓይኗን ከመንገዱ አላነሳችም። እኔ ስለ እሷ እንደዚህ አስቤ አላውቅም ነበር። የልጄ ሐዘን የእኔና የእሱ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

"ነገ እምቢ እላለሁ" አልኳት። ከልቤ ነው ያልኩት።

ቅዳሜ። ሂሩት በመኪናዋ አደረሰችኝ። "ፓርኪንግ ሎቱ ጣዖት የለበትም፣ እዚህ እጠብቃለሁ፤ ግቢው ውስጥ ግን አልገባም" ብላ ስብከት ከፍታ መስታወቱን ዘጋች። ናኦሚን ደብሊን እህቷ ጋ አድርሳታለች፤ ሻንጣም ከኋላ ወንበር ላይ አይቻለሁ።

ውስጡ ሠርግ ነው። ከበሮ ይመታል፣ ሴቶቹ ይጨፍራሉ፣ ምግቡ ከዳር ዳር ተደርድሯል። በእኛ ምንኩስና ላይ እንዲህ የሚጨፍር ቢገኝ ከገዳሙ በዱላ ነው የሚወጣው። ዮናስ ነጭ ለብሶ መሃል ላይ ተንበርክኳል። አንዲት አሮጊት ጃንጥላ ይዛለታለች። መነኩሴው ወደ እኔ መጡና መቀስ አቀበሉኝ።

"መጀመሪያ የሚቆርጠው አባት ነው" አለኝ ዮናስ ቀና ብሎ። "ከቆረጡ ፈቀዱ ማለት ነው።"

ከበሮው ቆመ። ሁሉም እኔን አየ። ልጄ ከታች ወደ ላይ ሲያየኝ ዓይኑ የአስካለ ነው። እምቢ ልል አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣም። እሺ ልል ሞከርኩ፤ ሻንጣው ታየኝ። በመጨረሻ የማውቀውን ሥርዓት ተናገርኩ።

"በእኛ አገር ባል ያለ ሚስቱ ፈቃድ አይመነኩስም። እኔ ብፈቅድ ዋጋ የለውም። ሚስቱ መኪና ውስጥ ናት፤ እሷን ጠይቁ።"

ተተረጎመ። ሽማግሌው ካሰቡ በኋላ "ልክ ነው" ብለው ወደ በሩ ሄዱ። ሌላው ሁሉ ተከተለ። የኋለኞቹ ምን እንደተባለ ስላልሰሙ የሥርዓቱ ክፍል መስሏቸው ከበሮውን እንደገና መምታት ጀመሩ። እንዲህ ሆነን፣ መነኩሴ ከፊት፣ ልጄ በጃንጥላ ሥር፣ ጨፋሪው ከኋላ፣ አዲሱን የእባብ አንገት አልፈን ወደ ፓርኪንግ ሎቱ ወረድን። ሂሩት ስታየን የመኪናዋ በር ሲቆለፍ ጠቅ ሲል ሰማሁት።

መስታወቱን ጣት በሚያስገባ ልክ ዝቅ አደረገች። "ጋሼ፣ ይዘው ሊወስዱኝ ነው?"

"ሊጠይቁሽ ነው።"

ካም በእንግሊዝኛ አስረዳት። እሷ ግን ካምንም መነኩሴውንም አላየችም፤ ዮናስን ነው ያየችው።

"ለማን ነው ይህ ሁሉ?" አለችው።

"ለእማዬ።"

"ለእማዬ መሆኑንማ አውቃለሁ። ለምን ከእኔ ጋር አታለቅስላትም?"

ዮናስ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። "አልቻልኩበትም፣ ሂሩቴ። እንዴት እንደሚጀመር አላውቅም።"

ለብዙ ቀን ያለ ናኦሚ የተነጋገሩት የመጀመሪያው ንግግር ነው። ሂሩት በሩን ከፍታ ወጣች። "መቀሱን ይስጡኝ ጋሼ" አለች። ሰጠኋት። "ጎንበስ በል።" ጎንበስ አለ። ከግንባሩ በላይ ያለውን ፀጉር ጨብጣ ቆረጠችው።

"ይህ ለእናትህ ነው። በእኛም አገር ለእናት ራስ ይላጫል" አለችው። ከዚያ ወደ መነኩሴው ዞረች፤ ድምጿ እንደ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆነ። "ፀጉሩን ጨርሱለት። ልብሱን አይለብስም፣ ለማንም አይሰግድም። ቤቴ ፍራሽ መሬት ላይ አነጥፍለታለሁ፤ ሳምንቱን እዚያ ይቀመጣል። ከስድስት ሰዓት በኋላ አይበላም ካላችሁ ግድ የለም፣ እኔም አልሰጠውም!"

በእንግሊዝኛ ደገመችው፤ ካም ተረጎመ። ሽማግሌው እሷን ከእግር እስከ ራስ አይተው አንድ ነገር አሉ።

"ምን አሉ?" አለች ሂሩት።

"'መመንኮስ የነበረባት እሷ ናት' ነው የሚሉት" አለ ካም።

ዮናስ አልሳቀም። የተቆረጠውን ፀጉር በመዳፏ ላይ አየና አንድ እንግዳ ድምፅ አወጣ፤ ማስነጠስ የመጣበት መስሎኝ ነበር። ከዚያ አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብሎ "እማዬ!" አለ። ሂሩት አብራው ተቀመጠች። የላኦስ አሮጊቶች ምንም ሳይጠይቁ ከበቡትና አብረው ማልቀስ ጀመሩ። እነዚህ ሴቶች ለቅሶ ያውቁበታል፤ እዚህ ቀጥሬ የማመጣቸው ቢሆኑ ደስ ባለኝ። እኔም ካፖርቱን ባመጣሁት ብዬ ተመኘሁ፤ ፊቴን የምሸፍንበት አልነበረኝም።

ምግቡ ከስድስት ሰዓት በፊት ማለቅ ስላለበት በጥድፊያ ተበላ። ሂሩት ለጣዖት የቀረበ አልበላም ብላ ከሱቅ እንደመጣ በካርቶኑ የታሸገ ዶናት ብቻ በላች፤ አራት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ለቅሶ ነው። ሻንጣው ተመልሶ ቁም ሳጥን ገባ፤ ናኦሚም ተመለሰችና የአባቷን መላጣ በእጇ እየዳሰሰች "ሶ ስሙዝ!" አለች። ሳሎኑ ውስጥ ፍራሽ ተነጠፈ። ጠዋት ላኦሶቹ ሩዝ ይዘው ይመጣሉ፣ መነኩሴው ተቀምጠው ዝም ይላሉ፣ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ይሄዳሉ። ከሰዓት የሂሩት ቤተ ክርስቲያን ሰዎችና የዌርሃውሱ ሐበሾች ይመጣሉ። የሰኞዎቹ ሁለት ሴቶችም መጡ፤ እኔን ሲያዩ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ዮናስ ከቀትር በኋላ አይበላም፤ ሂሩትም ቃሏን ጠብቃ አልሰጠችውም። ማታ ማታ ግን ሆዱ ሲጮህ እሷ ነበረች የምትሳቀቀው።

ለቅሶ ቤት የገባ ሁሉ የሚጠይቀውን ታውቃላችሁ። "ምን ሆና ነው? ታማ ነበር?" ይላል። የመጀመሪያው ሰው ሲጠይቅ ዮናስ ወደ እኔ ዞረ። ያኔ ነው የገባኝ፤ እንዴት እንደሞተች ማንም አልነገረውም። እኔም አልነገርኩትም፤ በስልክ የምንነጋገረው ስለ አየር ጠባይ ነበር። ስለዚህ እኔ መለስኩ። ስኳሯ ተነስቶባት እንደነበር፣ ጠዋት ትራስ ደግፋ ተቀምጣ ሻይ እንደጠየቀችኝ፣ ስኳር የሌለው ሻይ ስሰጣት "አንተ ለሬሳ እንጂ ለሰው አትሆንም" ብላ እንደሰደበችኝ፣ ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞራ እንደቀረች። ሁለተኛው መጣ፣ ደገምኩት። ሦስተኛው መጣ። ዮናስ ፍራሹ ላይ ሆኖ ይሰማል፤ ከንፈሩ ከእኔ ጋር ይንቀሳቀሳል።

ልመለስ በዋዜማው ከግሮቭፖርት ሺፍቱን ጨርሶ የመጣ አንድ ሰው ገባ፤ የሚያብረቀርቅ የሥራ ሰደርያውን እንኳ አላወለቀም። "ምን ሆነው ነው እናትህ?" አለ።

አፌን ስከፍት ዮናስ ቀደመኝ።

"ስኳሯ ተነስቶባት ነው" አለ። "ጠዋት ነው። ትራስ ደግፋ ተቀምጣ ሻይ ጠየቀች። አባቴ ስኳር የሌለው ሰጣት፤ 'አንተ ለሬሳ እንጂ ለሰው አትሆንም' አለችው።" ቤቱ ሳቀ፣ እሱም ሳቀ፣ ዓይኑን ጠረገ። "ከዚያ 'ዮናስ በልቶ ይሆን?' ብላ ጠየቀች። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረች።"

ይህን አላለችም። ከሻዩ ስድብ በኋላ አንድም ቃል አልወጣትም። እኔ ሰው ሲሳሳት ሳላርም ማለፍ የማልችል ሰው ነኝ፤ ይህን ጠባዬን ሰፈሩ በሙሉ ይመሰክራል።

ሰውየው ወደ እኔ ዞረ። "እውነት እንደዚያ አሉ አባት?"

"ሁለት ጊዜ" አልኩት።